የሕጻናት ዕቃ ሲገዛ፦ በካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ይላሉ?

ባሕር ዳር፡ ኅዳር 15/2018 ዓ.ም

አዲስ ልጅ በተወለደበት የገጠር ቤት ለሕጻኑ ዕቃ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ አይደለችም። እርሷ አራስ ናት። የሚላከው አባት ነው፤ እርሱ ካልተመቸው አያት ወይም አክስት ትሄዳለች። የገበያ ቀን ተጠብቆ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ወይም በባጃጅ ተጉዞ የወረዳ ከተማ ሱቅ ላይ ሲደረስ ከባለሱቁ የሚመጣው ጥያቄ ግን ያልታሰበ ነው። “ዳይፐሩ ስንት ቁጥር ይሁን? ወተቱስ አንድ ቁጥር ነው ሁለት? ልጁ ስንት ኪሎ ይመዝናል?”

የተላከው ሰው የሚያውቀው የሕጻኑን ፆታና ከተወለደ ስንት ሳምንት እንደሆነው ብቻ ነው። ካርቶኑን አገላብጦ ቢያየውም ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛ፣ በቱርክኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ባለሱቁም ቢሆን ከሥዕሉና ከቁጥሩ ውጭ የሚያነበው ነገር ላይኖር ይችላል። በመጨረሻ በግምት ይገዛል። ቤት ሲደርስ ልኩ ካልሆነ ለመቀየር ቀጣዩን የገበያ ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ በደረሰኙ ግርጌ ደግሞ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ጽሑፍ ታትሞ ይገኛል።

ይህ ችግር የወላጆች አለማወቅ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አንድ ምርጥ ዘር የሚገዛ አርሶ አደር የዝርያውን ዓይነት፣ የተመረተበትን ዘመንና ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚስማማ ጠይቆ ይገዛል፤ መልሱንም በሚያውቀው ቋንቋ ከግብርና ባለሙያው ያገኛል። የሕጻናት ዕቃ ማሸጊያ ግን ሌላ ቋንቋ ለሚያነብ፣ በሌላ የዘመን አቆጣጠር ለሚቆጥርና ልጁን በየሳምንቱ ለሚመዝን ገዢ ታስቦ የተጻፈ ነው። በዚህ መካከል የሚፈጠረው ስህተት አንዳንድ ጊዜ የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሕጻኑን ጤና ነው።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት

ከሁሉም በላይ አሳሳች የሆነው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ ቀን ነው። ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የሚታተመው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ማሸጊያው ላይ ግን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይጻፍም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኅዳር 2018 ዓ.ም ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተገኘ የወተት ቆርቆሮ ላይ “30/09/2025” የሚል ቀን ቢታተም፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ወተቱ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ቀኑ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም ነው፤ ወተቱ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። “09” የሚለውም ዘጠነኛው ወራችን ግንቦት ሳይሆን፣ አውሮፓውያን ሴፕቴምበር የሚሉት፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ ነው።

ለማስላት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ 4 ይደመርበታል፤ ከ9 እስከ 12 ከሆነ ደግሞ 8 ይቀነስለታል። የሚገኘው ቁጥር ተቀራራቢው የኢትዮጵያ ወር ነው። ለምሳሌ “3” ላይ 4 ሲደመር 7 ይሆናል፤ ይህም መጋቢት ነው። “11” ላይ 8 ሲቀነስ 3 ይቀራል፤ ይህም ኅዳር ነው። ዓመቱን ለማግኘት ከጥር እስከ ነሐሴ ላሉት ወራት 8፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላሉት 7 ይቀነሳል። የአውሮፓውያኑ ወር የሚያልቀው የእኛ ወር ከ20 እስከ 25 ባለው ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ቀን ሳይኖረው ወርና ዓመት ብቻ የታተመበት ዕቃ የመጨረሻ ጊዜው እዚያ ላይ እንደሆነ መያዝ ይቻላል።

የቁጥሮቹ ቅደም ተከተልም ወጥ አይደለም። ከአውሮፓ በሚመጣ ዕቃ ላይ ቀን ይቀድማል፤ ከአሜሪካ በሚመጣው ላይ ወር ይቀድማል፤ ከቻይና በሚመጣው ላይ ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ “08/05/2026” የሚለው በአንዱ ሜይ 8፣ በሌላው ኦገስት 5 ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ቀደም ያለውን ቀን መያዝ ከጉዳት ይጠብቃል። በተጨማሪም በአብዛኛው ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ስለሚታተሙ፣ የቀደመው የተመረተበት፣ የኋለኛው ደግሞ የሚያበቃበት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ኪሎ፣ ሳንቲሜትርና ወር

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ልክ ነው። በዳይፐር ማሸጊያ ላይ በጉልህ የሚታየው ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ቁጥር ብዙ ገዢዎች እንደሚገምቱት የሕጻኑን ዕድሜ አያመለክትም። ቁጥሩ የቆመው ለክብደት ሲሆን፣ ከአጠገቡ በትንሹ የተጻፈው የኪሎ ግራም ልክ ነው ዋናው መረጃ። አንዱ ፋብሪካ “3” የሚለው ሌላው “3” ከሚለው ጋር በኪሎ ላይገናኝ ስለሚችል፣ የፋብሪካው ስም ሲቀየር ቁጥሩን ሳይሆን ኪሎውን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ጤናማ ሕጻን አምስት ወር ገደማ ሲሆነው የተወለደበትን ክብደት እጥፍ፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋው ስለረከሰ ወይም መንገዱ ስለራቀ ለአራስ ልጅ የሚሆን ትንሹን ቁጥር በብዛት መግዛት ለኪሳራ ይዳርጋል። ጭኑ ላይ ቀይ ምልክት የሚተው ዳይፐር ጠቦታል ማለት ነው፤ በጎን በኩል የሚያፈስ ከሆነም ልኩን እንደገና ማየት ይገባል። በአንዳንዶቹ መካከል የሚታየው ቢጫ መስመር ሲረጥብ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል። ይህም የመቀየሪያ ጊዜ መድረሱን የሚጠቁም እንጂ የዕቃ ጉድለት አይደለም። ገንዘብ ላጠረው ቤተሰብ በሚገባ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ የጥጥ ጨርቅ ዛሬም አስተማማኝ አማራጭ ነው።

ልብስ ላይም ሌላ ቋንቋ አለ። ከአውሮፓ በመጣ የሕጻን ልብስ ላይ “56”፣ “62” ወይም “68” ተብሎ ሲጻፍ፣ ቁጥሩ የሕጻኑን ቁመት በሳንቲሜትር ያመለክታል። በሌላው ላይ ደግሞ “3-6” ተብሎ ዕድሜው በወር ይጻፋል። በወር የተጻፈውን እንደ ዓመት ቆጥሮ የስድስት ዓመት ልጅ ልብስ ነው ብሎ የሚያልፍ፣ አልያም ልጄ ሦስት ወሩ ነውና ልኩ ነው ብሎ ገዝቶ የሚጠበው ገዢ አለ። መፍትሔው ከመለኪያ ሜትር አያልፍም። እርሱ ከሌለ ሕጻኑን ከራሱ ጫፍ እስከ ተረከዙ በገመድ ለክቶ፣ ገመዱን በኪስ ይዞ ወደ ገበያ መሄድና ልብሱ ላይ መዘርጋት በቂ ነው።

የወተትና የጡጦ ጉዳይ

ስህተቱ ከገንዘብ አልፎ ሕይወት የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕጻናት እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይሰጣቸው፣ ከዚያ በኋላም ተጨማሪ ምግብ እየወሰዱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠቡ ይመክራል። የዱቄት ወተት የሚያስፈልገው እናት በሕይወት ከሌለች ወይም በጤና ምክንያት ማጥባት ካልቻለች፣ የጤና ባለሙያም ይህን ካረጋገጠ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ግን ቆርቆሮው ላይ ያለው መረጃ ከምንም በላይ ወሳኝ ነው።

በመጀመሪያ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት የወተት ቆርቆሮዎች አንድ አይደሉም። ለቡናና ለሻይ የሚሆነው ተራ የዱቄት ወተት ዓመት ላልሞላው ሕጻን የተዘጋጀ አይደለም። ለሕጻናት የተዘጋጀው ላይ በአብዛኛው “1” ከልደት እስከ ስድስት ወር፣ “2” ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ “3” ደግሞ ዓመት ለሞላው ይሆናል። ሥዕሎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ከርቀት ሲታዩ ልዩነታቸው አይለይም።

ሁለተኛው የማንኪያው ነገር ነው። በቆርቆሮው ውስጥ የሚገኘው መለኪያ ማንኪያ የሚያገለግለው ለዚያው ወተት ብቻ ነው። በአንዳንዱ ወተት አንድ ማንኪያ ዱቄት ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲሆን፣ በሌላው አንድ ማንኪያ ለ60 ሚሊ ሊትር ነው። ያለፈውን ማንኪያ አስቀምጦ ለአዲሱ ቆርቆሮ የሚጠቀም፣ ወይም የድሮውን ልማድ ይዞ በአዲሱ ማንኪያ የሚለካ ሰው ሳያውቀው ወተቱን እጥፍ ሊያወፍረው ወይም በግማሽ ሊያቀጥነው ይችላል። የወፈረው የሕጻኑን ኩላሊት ያስጨንቃል፤ ሰውነቱንም ውኃ ያሳጣል። የቀጠነው ሆዱን ሞልቶ አካሉን ያስርባል። ዋጋው ውድ ስለሆነ እንዲበረክት ተብሎ የሚቀጥነው ወተትም ጉዳቱ ያው ነው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጡጦው ውስጥ የሚገባው ውኃው ነው፤ በውኃው ልክ ዱቄቱ ይከተላል። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ከፈላ በኋላ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይወርድ እንዲበጠበጥና ከዚያ በኋላ ቀዝቅዞ እንዲሰጥ ይመክራል። ሕጻኑ ጠጥቶ ያስተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደፋል እንጂ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። በየጊዜው ንጹሕ ውኃና ማገዶ ማግኘት በሚያስቸግርበት ቀበሌ ይህን መፈጸም ቀላል ስላልሆነ፣ በስኒና በማንኪያ መመገብ ለማጽዳት ከማያመቸው ጡጦ ይሻላል።

ጡጦ የግድ ካስፈለገ ደግሞ የጫፉን ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል። ትንሹ ቁጥር ለአራስ ልጅ የሚሆን፣ ወተቱ በዝግታ የሚወርድበት ነው። ትልቁ ቁጥር ለአራስ ከተሰጠ ወተቱ በብዛት እየወረደ ያስቀዋል፤ ያስለዋል። በጡጦው ጎን ላይ ያሉት ሁለት መስመሮችም አይምታቱ፤ አንዱ በሚሊ ሊትር፣ ሌላው አውንስ በሚባል መለኪያ የተሠመረ ነው። አንድ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራም ከሥሩ ባለው ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ካለው ቁጥር ይገመታል፤ “5” ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ነው። ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል ያለበት ፖሊካርቦኔት ጡጦ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011፣ በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ተደርጓል።

በዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መልእክት ገዢው በቀላሉ አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የጡት ወተት ብልጫ በጽሑፉ እንዲገለጽ፣ የዱቄት ወተቱን የሚያሳምሩ የሕጻናት ሥዕሎችም እንዳይታተሙ ያዛል። አንድ አማርኛ ብቻ የሚያነብ አባት በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ቆርቆሮ ይዞ ሲቸገር፣ የጎደለው የእርሱ ዕውቀት ብቻ እንዳልሆነ ይህ ደንብ ያስረዳል።

የሙቀት መለኪያውና የልጅ ማዘያው

ሕጻን ሲያተኩስ ለማወቅ የሚገዛው ዲጂታል የሙቀት መለኪያ ሁለት ዓይነት ንባብ አለው። በሴንቲ ግሬድ 37 የሆነው የጤነኛ ሰው ሙቀት በፋራናይት 98.6 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ መለኪያው ወደ ፋራናይት ከተቀየረ “98” የሚል ቁጥር ያየች እናት ልትደነግጥ ትችላለች። በመለኪያው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ሴንቲ ግሬድ መመለስ በአብዛኞቹ ላይ ይቻላልና፣ ባለሱቁ እዚያው እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። ግንባር ላይ ሳይነካ የሚለካው ዓይነት ደግሞ የሰውነትንና የዕቃን ሙቀት የሚለኩ ሁለት አሠራሮች ስላሉት፣ በስህተት ዕቃ ለመለካት ከተስተካከለ ትኩሳቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ማስታወስ የሚገባው ቁጥር አጭር ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ በብብቱ ሲለካ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ አደጋ ላይ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ጨቅላው መጥባት ካቆመ ወይም ከደከመ ግን መለኪያው የሚያሳየው ምንም ይሁን ምን መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ ልጅ ማዘያ ሲነሳ ከእኛው ቤት የሚጠቀስ አለ። ከለፋ ቆዳ የሚሠራውና በዛጎል የሚያጌጠው አንቀልባ ቁጥር የለውም፤ ጠፍሩ በአዛዩዋ ሰውነትና በልጁ ዕድገት ልክ ይጠብቃል፣ ይላላል። አጠቃቀሙም ከእናት ወደ ልጅ እየታየ ስለሚወረስ የመመሪያ ወረቀት አያሻውም። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ባለማያያዣ ማዘያ ግን የሚሸከመው ዝቅተኛና ከፍተኛ ክብደት ተወስኖለታል፤ የማሠሪያው አሠራርም በወረቀት ላይ ነው የሚገለጸው። በየትኛውም ዓይነት ቢታዘል የሕጻኑ ፊት የሚታይ፣ አገጩ ከደረቱ ጋር ያልተጣበቀ፣ አፍንጫና አፉ በጨርቅ ያልተሸፈነ መሆን አለበት። ይህ ካልተጠበቀ አየር ሊያጥረው ይችላል።

መቀነስ ያለበት ወጪም አለ። መንኮራኩር ያለው የመራመጃ ወንበር ልጅን ቶሎ ያስኬዳል በሚል እምነት ይገዛል። እንዲህ ያለ ጥቅም የለውም፤ ይልቁንም ሕጻኑ ባልታሰበ ፍጥነት ወደ ደረጃ፣ ወደ ምድጃና ወደ ፈላ ውኃ እንዲደርስ ያደርገዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ያገደችው በዚህ ምክንያት ነው። ምድጃው ከወለል እኩል በሆነበት ቤት አደጋው የባሰ ይሆናል።

በስልክ የሚገዛ ዕቃ

ወጣት ወላጆች አሁን አሁን የሕጻናት ዕቃ የሚያዩት በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ልኩ፣ የተሠራበት ቁስና የመጠቀሚያ ጊዜው ግን አይገለጽም። “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚለው አሠራርም ዋጋ ለማነጻጸር አያስችልም። ገንዘቡ በቴሌብር ተልኮ ዕቃው በመኪና ሲደርስ፣ የታየውና የመጣው ቢለያይ ሻጩን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ ጊዜው ያለፈ የሕጻን ወተት ያገኘ ሰው ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት ሞገስ እየጠየቀ ሳይሆን መብቱን እያስከበረ ነው። ለዚህም ደረሰኝን፣ ቆርቆሮውንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት ማስቀመጥ ይጠቅማል። በስልክ ለሚገዛ ደግሞ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የመጠቀሚያ ጊዜው የታተመበትን ጎን በፎቶ እንዲላክለት መጠየቅ ቀላሉ ጥንቃቄ ነው።

አንዲት ቁራጭ ወረቀት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሊጠቃለል ይችላል። ወደ ገበያ የሚላከው ሰው ከመውጣቱ በፊት የሕጻኑ የትውልድ ቀን፣ ክብደቱ በኪሎ ግራም፣ ቁመቱ በሳንቲሜትርና የዕለቱ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በወረቀቱ ላይ ይጻፉለት። ክብደቱ ከጤና ኬላ ይገኛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለክትባትና ለዕድገት ክትትል ስትመዝነው ቁጥሩን እንድትጽፍ መጠየቅ ነው። የዕለቱን ቀን ደግሞ የእጅ ስልክ ያሳያል፤ ዕቃው ላይ ካለው ቀን ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ማንበብ ለሚችል ሁሉ በቂ ነው። ማንበብ ለማይችል ወላጅም የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

ለነጋዴውም ቢሆን ሥራው ከባድ አይደለም። ቆርቆሮዎቹን በዕድሜ ለይቶ መደርደር፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትንሽ ወረቀት ጽፎ መለጠፍ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት ለመጣ ዳይፐር ቁጥር መቀየር ደንበኛ ያበዛል እንጂ አያከስርም። አስመጪዎች በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አጭር መግለጫ ከዕቃው ጋር ቢያያይዙ ደግሞ ችግሩ ከምንጩ ይቃለላል። እስከዚያው ግን አባቶች “መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል” እንዳሉት፣ ሕጻኑ ራሱ መናገር አይችልምና ስለ እርሱ ሆኖ ሱቅ ላይ የሚጠይቀው የተላከው ሰው ነው።